ዝናብ ላይ የተሰጣ ባና

ጣሊያን ደብረ ብርሃን በነበረበት ዘመን፣ አንድ የባትሪ ሬዲዮ ደብቄ እንግሊዞች በአማርኛ የሚያስተላልፉትን ወሬ አዳምጥ ነበር። ብያዝ አንገቴ እንደሚሄድ አውቃለሁ። ለአንቴና የመዳብ ሽቦ ከቤቴ ጥግ እስከ ባሕር ዛፉ ወጠርኩ፤ ግድግዳውንና ግንዱን እንዳይነካም ጫፎቹን በጠርሙስ አንገት አሰርኩ። የልብስ ማስጫ እንዲመስል ሁልጊዜ አንድ ነገር አሰጣበታለሁ። ማስመሰሉ ይበቃ እንደሆነ ስለምጠራጠር አንድም ቀን አላጓደልኩም።

ስሕተቴ ይኸው ነበር። አንድ የሐምሌ ቀን፣ ዶፍ እየወረደ፣ ባና የምንለው የሱፍ ብርድ ልብሴ ሽቦው ላይ ተሰጥቶ ሳለ፣ አንድ የጣሊያን ሹም ከአስተርጓሚው ጋር ግቢዬ ገባ።

“በዝናብ ባና የምታሰጣው ለምንድን ነው? ይሉሃል” አለ አስተርጓሚው።

ባናውን ለማውረድ ወደ ሽቦው ተራመድኩ።

ግድግዳ የምንጋራቸው ሱፍ ፈታይዋ እትዬ በለጡ ከደጃፋቸው ጮኹ።

“አዲስ ባና ዝናብ ካልጠጣ ፈትሉ መቼ ይጠብቃል? አንተ አስተርጓሚ፣ እዚህ አገር ተቀምጠህ ይህን አታውቅም?”

ባናው በዕድሜ ይበልጠኝ ነበር። ሹሙ ግን ሲተረጎምለት ጫፉን በሁለት ጣቱ ጨመቅ አድርጎ አየና፣ በቋንቋው “ቤኔ”፣ ደግ ነው፣ ብሎ ወጣ።

ላመሰግናቸው ተጠጋሁ። እትዬ በለጡ መንገዱን ግራ ቀኝ አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

“ምስጋናውን ተወው ልጄ። ይልቅ ሬዲዮውን ትንሽ ከፍ አድርገው፤ በግድግዳው በኩል ግማሹ እያመለጠኝ ነው።”