ንብ የተጠለፈበት ነጠላ

ከሰቆጣ የወጣሁት ምሽት ላይ ነው፤ ቀን ቀን ፀሐዩ መንገደኛ ይጥል ነበርና። እናቴ ስንቄን ስትቋጥር እጇ ወደ ሌማቱ ሄዶ ባዶውን ተመለሰ፤ እኔም እንዳላየሁ ሆንኩ። ታናሽ እህቴ አልጋነሽ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሸኘችኝ። ዝናቡ ሁለተኛ ዓመቱን ቀርቶ ነበር። "አስመራ ገብተህ ቶሎ አስመጣን፤ አለዚያ እንደ ጎረቤቶቻችን እንደ ጋዝጊብላ ሰዎች በእግራችን የእርዳታ እህል ወደሚታደልበት ቆረም መሄዳችን ነው" አለችኝ።

እኔም እስከ ቆረም በእግሬ፣ ከዚያ በጭነት መኪና መቀሌን አልፌ፣ መረብን ተሻግሬ አስመራ ገባሁ። ወገኖቼ፣ ምን ልንገራችሁ፤ ውኃው ከግድግዳ ይወጣል፤ ቢሽክሌታው እንደኛ አገር ፍየል መንገዱን ሞልቶታል። ጠዋት የሚበሉት ባኒ የሚሉትን ነጭ ዳቦ ነው፤ ቢበሉት ቢበሉት እንደኛ የገብስ ቂጣ ሆድ አይይዝም። የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ትምህርቴን እየተማርኩ ከወይዘሮ ለተብርሃን ቤት አንዲት ክፍል ተከራየሁ። ልብስ ሰፊ ናቸው። መስኮቱ አይከፈትም ብላቸው፣ "ወደይ (ልጄ ማለታቸው ነው)፣ መስኮት ያለው ቤት አከራየሁህ እንጂ የሚከፈት መቼ አልኩህ?" አሉኝ።

በከተማው ከአገራችን ከዋግ የመጡ የቀን ሠራተኞችና የቤት ሠራተኞች ብዙ ናቸው። ወንዶቹ እሑድ እሑድ ኳስ ይጫወታሉ፤ የቡድናቸው ስም "የዋግ ንብ" ነው። ማልያ ግን አልነበራቸውም። ለተጫዋቾቹ ንብ ያለበት ማልያ፣ ለደጋፊዎቹ ንብ የተጠለፈበት ነጠላ ሠርተን ብንሸጥስ ብዬ ሐሳብ አመጣሁ። በትርፉ እኔ እናቴንና አልጋነሽን፣ ሌላውም የራሱን ሰው ያስመጣበታል። ሁሉም ተስማሙ። ነጠላውን የአገራችን ልጅ የሆነ ሸማኔ ሠራልን፤ ወይዘሮ ለተብርሃንም በስፌት መኪናቸው በቢጫና በጥቁር ክር ጥለቱ ላይ ንቦቹን ደረደሩ።

ለሽያጩ ፈቃድ ያስፈልጋል ተባልኩና ወደ አንድ የመቶ አለቃ ሄድኩ። ነጠላውን እያገላበጡ ብዙ ቆዩ።

"ንብ ትናደፋለች" አሉ።

"ማርም ትሰጣለች፣ ጌታዬ።"

"ለምን ቢራቢሮ አላደረጋችሁትም? ቢራቢሮ ማንንም አትነካም።"

ፈረሙልኝ። ግን ስሜንና የምኖርበትን ቤት ጠይቀው ጻፉ፤ ከኳስ ሌላ ነገር ከታየም የምጠየቀው እኔ እንደሆንኩ ነገሩኝ።

በጨዋታው ቀን ነጠላው ሁሉ ተሸጠ። ሴቶቹ ጥለቱን ወደ ታች አድርገው፣ እንደ ደስታ ቀን፣ ከሜዳው ዳር ቆሙ። በእረፍት ሰዓት ከቆረም የመጣ አንድ ሾፌር ወደ እነሱ ሄዶ ዝቅ ባለ ድምፅ አወራቸው። በመንገዱ ግራና ቀኝ የዋግ ሰው ወድቆ፣ ቀባሪ ጠፍቶ ማየቱን ነበር የነገራቸው። አንዲቱ ነጠላዋን አወረደችና ገልብጣ ጥለቱን ወደ አንገቷ አዞረች። ይህ፣ እናንተ እንደምታውቁት፣ የለቅሶ አለባበስ ነው። ከዚያ ሌላዋ፣ ከዚያ ሁሉም። ንቦቹ ከአገጫቸው ሥር ተደርድረው ታዩኝ።

የመቶ አለቃው ወደ እኔ መጡ።

"ማን ሞቶ ነው?"

"አገር ቤት ብዙ ሰው አልቋል አሉ።"

"በሬዲዮ ተነግሯል?"

"አልተነገረም፣ ጌታዬ።"

"እንግዲያው ማንም አልሞተም። ጥለቱን ወደ ታች ይመልሱ በላቸው።"

እሺ ብዬ ሄጄ ነገርኳቸው። አንዲት የሰቆጣ ሴት አየት አድርጋኝ፣ "አንተ ልጅ፣ የሸጥክልን ነጠላ ነው ወይስ ትእዛዝ?" አለችኝ። እንዳዞሩት ቀሩ። ነጠላዎቹ በወታደሮች እጅ ከትከሻቸው እየተገፈፉ በመኪና ተጫኑ፤ የሽያጩ ገንዘብም አብሮ ሄደ። የመቶ አለቃው ወደ ተጫዋቾቹ ዞረው "ጨዋታችሁን ቀጥሉ" አሉ።

በሳምንቱ ቴሌ ሄጄ እናቴን ሰቆጣ ቴሌ የሚያስጠራ የስልክ ቀጠሮ አስያዝኩ። በቀጠሮው ቀን ቀትር ላይ ድምፅዋ ከጉድጓድ እንደሚወጣ ሆኖ መጣ።

"በልተሃል?" አለችኝ በመጀመሪያ።

"በልቻለሁ። እማዬ፣ እኔን አትጠብቁ፤ ወደ ቆረም ውጡ።"

"እሺ።"

"አልጋነሽን አቅርቢልኝ።"

"እቤት ተኝታለች።"

"በዚህ ቀትር? ብቻዋን ትተሻት መጣሽ?"

"ብቻዋን አይደለችም" አለች። "ጎረቤቱ ሁሉ እኛ ቤት ነው ያለው።"

መስመሩ ተቋረጠ። መልሼ ላስደውል ብል ሰቆጣ አልተገኘም።

መርዶ በስልክ እንደማይነገር አውቃለሁ። ከእናንተ መካከል ወደ አስመራ የሚመጣ ካለ፣ እባካችሁ እኔ ዘንድ በቀን ይምጣ። ጎህ ሲቀድ በር የሚያንኳኳ ሰው እፈራለሁ።