ለኖፓ መንገድ የተገዛች ሽጉጥ

ሽጉጥ ለመግዛት የወሰንኩት አብራኝ ማር የምትነግደው ጓደኛዬ ተደብድባ ሆስፒታል በገባች በሦስተኛው ቀን ነው። ማር ልትገዛ ወደ ኖፓ ስትሄድ የተሳፈረችበትን ሚኒባስ ዘራፊዎች ጫካው መሃል አስቁመው፣ ከተሳፋሪው ሁሉ እሷን ብቻ ለይተው አወረዷት። ገንዘቡን በመቀነቷ እንደምትይዝ ያውቁ ነበር። ልጠይቃት ስሄድ ያበጠ ከንፈሯን በግድ እያንቀሳቀሰች፣

«ያንቺንም ጠይቀውኛል» አለችኝ።

«የኔን ምን?»

«የምትሄጂበትን ቀን።»

እኔ የምሄደው ገበሬዎቹ ማር ለሽያጭ በሚያወጡበት ቀን፣ ሐሙስ ሐሙስ ነበር። ወላጆቼ በሰፈራ ከወሎ መጥተው እኔ የተወለድኩት እዚሁ ኢሉባቦር ነው። ኦሮምኛን ከአማርኛ ጋር እኩል አፌን ፈትቼበታለሁ፤ የኖፓን ገበሬዎች አብዛኞቹን በመልክ አውቃቸዋለሁ። ያንን መንገድ ፈርቼው አላውቅም ነበር። ከሆስፒታሉ ስወጣ ግን ከመቱ መናኸሪያ እስከ ቤቴ ያለችውን አጭር መንገድ እንኳ በባጃጅ ሄድኩ። ባጃጁ ውስጥም ሾፌሩ በመስታወት ሲያየኝ ሻርፔን መቀነቴ ላይ ጎተትኩ።

ባሌ ከሞተ አራት ዓመት ሆኖት ነበር። የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ልጅ አለችኝ። ንግዱን ብተው የምንበላው የለም። መናኸሪያው አጠገብ ጎሚስታ ለሆነው ታላቅ ወንድሜ ነገሩን ስነግረው የያዘውን ጎማ ትቶ እጁን በጨርቅ ጠረገ።

«ወይ ትተይዋለሽ፣ ወይ ትታጠቂያለሽ» አለኝ። «ግን በሕጉ ነው የምትይዢው። ያለፈቃድ ከተገኘብሽ ልጅሽን ማን ያሳድግልሻል?»

ከቀበሌ ደብዳቤ አጻፍን፤ ፖሊስ ጽሕፈት ቤት ተመላለስን። ጉዳዩን የያዘው ሰው ወረቀቱን ካነበበ በኋላ ቀና ብሎ ወንድሜን አየው።

«የሚይዘው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ» አልኩት።

አንዴ እኔን፣ አንዴ ወረቀቱን አየና ማህተሙን መታ።

መጀመሪያ ያየነው ፈቃድ ያለውን መሣሪያ ሊሸጥ የፈለገ የቡና ነጋዴ ነበር። ሽጉጡን ከካዝናው አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጠው ብርጭቆዎቹ ተንቀጫቀጩ። አንስቼ ስይዘው አንጓዬ ተጠመዘዘ። «ለሴት አይሆንም» አለ ራሱ ባለቤቱ። ከጠራው ዘጠና ሺህ ብር ላይ ግን አንድም ነገር አልቀነሰም።

ሁለተኛዋ ትንሽ፣ ብርማ፣ የልጆች መጫወቻ የምትመስል ነበረች። ባለቤቶቹ ሠላሳ አምስት ሺህ ብቻ ጠየቁን። መዳፌ ውስጥ ልክክ ስላለች ወደድኳት። ወንድሜ ግን «ጥይቷስ?» ብሎ ጠየቀ። የዚያ ዓይነት ጥይት ከጠፋ ቆይቷል፤ ያለው ውስጧ ያለው አራት ብቻ ነው አሉት።

«አራት ይበቃኛል» አልኩ።

ወንድሜ ዞር ብሎ አየኝ። እኔም የገዛ አፌን ሰምቼ ደነገጥኩ። አራት ምን? ማንን ቆጥሬ ነው? ሽጉጧን መለስኩላቸው።

ሦስተኛዋን ያገኘናት በጎሬ መውጫ ከሚኖሩ ጡረተኛ ፖሊስ ቤት ነው። አጭር፣ ጠፍጣፋ፣ ጥቁር ነበረች። ከነሃያ ጥይቷ ሰማንያ ሺህ ጠየቁ። ወንድሜ ስልሳ አለ። «አይ ልጄ፣ ዛሬ ጥይቱ ለብቻው ስንት እንደሆነ ብታውቅ እንዲህ አትልም» አሉት። ብዙ ከተከራከሩ በኋላ ሰባ ላይ ተስማሙ። ጥይቱን በሙሉ አውጥተው ባዶነቷንና መቆለፊያዋን ካሳዩኝ በኋላ ሰጡኝ። ከጠበቅኩት በላይ ቀዝቃዛ ነበረች።

«ጋሼ፣ ብዙ ተኩሰውባታል?» አልኳቸው።

«ከልምምድ ውጪ አንዴ።»

«ሰው ላይ?»

እሳቸው የትከሻ ቦርሳዬን በዓይናቸው አሳዩኝ። «የምትይዣት በዚህ ነው? እስቲ ክተቻትና ፈጥነሽ አውጫት።»

ከተትኳት። ሳወጣት ዚፑ ሻርፔን ነከሰው፤ ቁልፌና መሐረቤ መሬት ላይ ተበተኑ። እሳቸው አልሳቁም።

«ሰውየው ይህን ሁሉ ጊዜ ቆሞ ይጠብቅሻል?» አሉኝ።

ሌላ፣ ዚፕ የሌለው ቦርሳ ገዛሁ። ሽጉጧ በስሜ ተዛወረችና መያዝ ጀመርኩ። ፍርሃቴ የሚቀንስ መስሎኝ ነበር። ቤት ውስጥ ልጄ ወደ ቦርሳዬ በተጠጋች ቁጥር እጮኻለሁ። «እማ፣ ምን ይዘሽ ነው እንዲህ የከበደው?» ስትለኝ «የሚዛን ድንጋይ ነው» አልኳት። በሁለተኛው ሳምንት ኬላ ላይ ፈተሹን። ሽጉጧንና ፈቃዴን ሳሳይ ሚኒባሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ከጎኔ የተቀመጠችው ሴት ቀስ ብላ ልጇን ወደ ሌላኛው ወገን አዛወረች። እዚያው የመጣልኝ ሐሳብ ገበያው ሁሉ ሊያወራው ነው የሚል ነው። ቀኔን የጠየቁት ሰዎችም ይሰማሉ። ከእንግዲህ የሚመጡት ገንዘቡን ብቻ ብለው አይደለም፤ መሣሪያውንም ብለው ነው። እሱን ለመውሰድ ደግሞ አስቀድመው ይገድሉኛል።

በሦስተኛው ወር፣ አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ ካፊያ እየጣለ ወደ ኖፓ እንሄዳለን። ጓደኛዬ የተያዘችበትን ኩርባ እንዳለፍን አንድ ሰው ከጫካው ወጥቶ መንገዱ መሃል ቆመ። በእጁ ገጀራ ይዟል። ሾፌሩ ፍሬን ያዘ።

እጄ ቦርሳዬ ውስጥ ገባ። እኔ አላዘዝኩትም፤ ገባ። ጡረተኛው ፖሊስ እንዳሳዩኝ መቆለፊያዋን በአውራ ጣቴ ገፋሁ። ሰውየው ሮጦ መጥቶ በሩን ከፈተው። የኔ ወንበር በሩ አጠገብ ነው። ቦርሳዬን ጭኔ ላይ እንዳለ አዞርኩት፤ አፈሙዙ በቦርሳው ቆዳ ውስጥ ሆኖ የሰውየውን ሆድ ያያል። ጣቴ ቃታው ላይ ነው። ሰውየው ይናገራል፣ ይጮኻል፤ እኔ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ ከምናገረው ኦሮምኛ አንድም ቃል አልገባኝም። የሚታየኝ ገጀራው ብቻ ነው።

ከዚያ ድንገት ሰማሁት። «ማሎ! ማሎ!» ይላል። እባካችሁ ማለቱ ነው።

ከኋላው ሁለት ሰዎች ከጫካው ወጡ። በአዲስ የተቆረጠ እንጨት ላይ ብርድ ልብስ ወጥረው ሴት ተሸክመዋል። ምጥ ከያዛት ሁለተኛ ቀኗ ነው። ገጀራው እንጨቱን የቆረጠበት ነው።

ሰውየው እኔን ሲያይ ንግግሩን አቋረጠ። ፊቴ ምን ይመስል እንደነበር አላውቅም። «አዴ፣ ማል ታታን?» አለኝ። ምን ሆኑ፣ እመቤት? ሚስቱ እየሞተችበት ስለኔ ተጨነቀ።

ሾፌሩ ማንንም ሳይጠይቅ ወደ መቱ ለመመለስ መኪናውን ማዞር ጀመረ። የተቃወመም የለም። ሴትየዋን እኔ ያለሁበት ወንበር ላይ አስተኟት፤ ራሷ ጭኔ ላይ አረፈ። ቦርሳው ከራሷ አጠገብ ነው፤ ቀኝ እጄ አሁንም ውስጡ ነው። ጣቴን ከቃታው ለማንሳት ፈራሁ፤ ላለማንሳትም ፈራሁ። መኪናው በየጉድጓዱ ሲዘል ትንፋሼን እይዛለሁ። እሷ ምጡ ሲመጣባት ግራ እጄን እየጨመቀች «ያ ዋቃ» እያለች አምላኳን ትጠራለች። ሳላይ፣ በዳበሳ፣ ጣቴን ቀስ አድርጌ አነሳሁ። መቆለፊያዋን ፈልጌ መለስኩት። መመለሱን ግን እርግጠኛ አልነበርኩም፤ ስለዚህ ሆስፒታሉ በር እስክንደርስ አፈሙዙን ወደ ወለሉ ደፍቼ ይዤ ቀረሁ። 

ባልየው ሲያወርዳት «ዋቃ ይባርክዎ» አለኝ።  ሁሉም ከሄዱ በኋላ አጥሩ ሥር ሄጄ አስመለሰኝ።

እሷም ልጇም መትረፋቸውን በሳምንቱ ከአንዲት ነርስ ሰማሁ። ሄጄ ልጠይቃቸው አልደፈርኩም። ለወንድሜ ግን ሁሉንም ነገርኩት።

«ሌባ ቢሆንስ ኖሮ?» አለኝ።

«ሌባ ቢሆንም እጄ ያው ነው የሚያደርገው። መለየት አልቻልኩም እኮ፣ ወንድሜ።»

እሱው ራሱ ገዢ ፈለገልኝ። ሽጉጧን በፖሊስ ጽሕፈት ቤት በኩል ለአንድ የእህል ነጋዴ አዛወርን። ጥይቷ ሙሉ ቢሆንም ሴት የያዘችው ነው ብሎ ዋጋ ሰበረ፤ እኔም አልተከራከርኩም። በገንዘቡ መቱ ገበያ ጫፍ ላይ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። አሁን ወደ ኖፓ የምሄደው እኔ አይደለሁም፤ ገበሬዎቹ ማሩን ራሳቸው ያመጡልኛል። የምከፍላቸው ከበፊቱ ይበልጣል፤ የሚተርፈኝም ያንሳል። የማላውቀው ሰው በሩ ላይ ሲቆም ግን እስካሁን ሰላምታውን ከመመለሴ በፊት የማየው እጁን ነው።