ዱዳ ናት ያልኳት ልጅ

ይህን ነገር ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ጾም የገደፍኩትን ነግሬያቸዋለሁ፤ ጎረቤት ያማሁትን፣ ባሌን የረገምኩትን ሁሉ ነግሬያቸዋለሁ። ይህ ግን ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ልናገር ብዬ ስነሳ ሌላ ጨዋታ ይቀድመኛል፤ እኔ ደግሞ ጨዋታ መቼም አላጣም። አሁን ደከመኝ። በደሉን መሸከሙ ብቻ ሳይሆን መደበቁ አደከመኝ። ፊደል የለየሁት የቄስ ተማሪዎች ሲጮኹ በአጥር ቀዳዳ እያየሁ እየሰማሁ ነው፤ ስለዚህ አጻጻፌ ቢጎረብጣችሁ እለፉኝ። ሌላውን አትለፉኝ።

ጣሊያን ከመግባቱ ጥቂት ዓመታት አስቀድሞ ነው። አዳማ ያን ጊዜ ባቡር ጣቢያው፣ ጥቂት የቆርቆሮ ቤት፣ ብዙ የሣር ቤትና አቧራ ነበረች። ከጣቢያው ወረድ ብሎ አንድ ግሪክ የቡና መጋዘን ነበረው። ከአርሲም ከወሎም የመጡ ድሃ ሴቶች ቀኑን ሙሉ እዚያ ተቀምጠው ቡና ይለቅማሉ። ልጅ ይዞ መግባት ክልክል ነው። ሕፃን ያላት ሴት ታዲያ ምን ታድርግ? አንዳንዷ ልጇን ከቤቷ ምሰሶ ጋር በመቀነት አስራ ትሄድ ነበር። በዓይኔ አይቻለሁ።

እመት በላይነሽ የሚባሉ ብዙ ላም ያላቸው ባልቴት ነበሩ። አንድ ልጃቸው በጠና ታሞባቸው ሳለ፣ ይህን ካተረፍክልኝ በአሥራ ሁለቱ ሐዋርያት ስም አሥራ ሁለት የድሃ ልጅ ሰባት ዓመት እስኪሞላው ወተት አጠጣለሁ፣ እናቱ ከሥራ እስክትመለስም አስጠብቃለሁ ብለው ተሳሉ። ልጁ ተረፈ። እሳቸውም ጓሯቸው ውስጥ ሰፊ ዳስ አሠሩና እኔን ጠባቂ አደረጉኝ። ሃያ አምስት ዓመት ቢሆነኝ ነው። ባሌ ትቶኝ ሄዷል፤ ወልጄም አልቀናኝም። ልጅ ግን ይወደኝ ነበር። ጠዋት ወተቱን በጣሳ አድላቸውና ተረት እጀምራለሁ፤ የሰማሁትን ሳይሆን ከራሴ የማወጣውን። በተለይ አንድ ጉማሬ ነበረኝ፤ ከአዋሽ ወጥቶ አዳማ ድረስ በእግሩ ይመጣና ባቡር ልሳፈር ይላል። የጣቢያው ሹም፣ «አንተ ወፍራም፣ በየትኛው በር ልትገባ ነው?» ብሎ ይመልሰዋል። ልጆቹ በየቀኑ እሱን ንገሪን ይሉኝ ነበር።

እመት የልጆቹን ሃይማኖት አልለዩም። አንድ ዘመዳቸው፣ «የእስላም ልጅም አለበት እኮ» ቢላቸው፣ «አንተ ደግሞ፣ የልጅ ሃይማኖቱ ወተት ነው» ብለው አሳቁብን። ቁጥሩን ግን አጥብቀው ይዘዋል፤ አሥራ ሁለት ነው፣ አይጨመርም አይቀነስም። ደግሞ በየወሩ ሚካኤል ዕለት ይመጣሉ፤ ልጆቹም ተራ በተራ ይመርቋቸዋል። ምርቃቱ የስለቱ ማሰሪያ ነበር። የልጅ ምርቃት ሰማይ ሲደርስ ከልካይ የለውም ይሉ ነበር። እኔም፣ «እግዜር ይስጥልን እመት፣ ዕድሜ ይስጥልን» እያልኩ አለማምዳቸዋለሁ።

ጫልቱ የመጣችው አራት ዓመት ሲሆናት ነው። እናቷ ፋጡማ ባሏ ሞቶባት ከአርሲ የወረደች፣ አማርኛ የማታውቅ ቡና ለቃሚ ናት። ልጅቷ አማርኛ ትሰማለች እንጂ አትናገርም። ሚካኤል ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው ልጆቹን አሰልፌ ሳለማምድ፣ ተራዋ ሲደርስ ደረቷን ነፋ አድርጋ፣ «ረቢ ሲፍ ሃኬኑ» አለች። በኦሮምኛ እግዜር ይስጥሽ ማለት ነው። ልጆቹ ሳቁ። እኔስ ምን አደረግሁ? አብሬ ስቄ ጉንጯን መሳም አልነበረብኝም? ከንፈሯን በሁለት ጣቴ ቆነጠጥኩት። ዕንባዋ ዱብ እስኪል ድረስ ይዤ ቆየሁ። ከዚያ፣ «ይህን አፍ እመት ፊት እንዳትከፍቺው» አልኳት። በደንብ እንዲገባት ብዬ ያልኩትም በኦሮምኛ ነው። አዎ፣ እኔም እችላለሁ። እመትም ይችላሉ፣ ከእኔ የበለጠ። ምርቃቱን በኦሮምኛ ቢሰሙ ደስ እንደሚላቸው አውቅ ነበር። ለምን ቆነጠጥኳት ታዲያ? አሥራ ሁለቱም አንድ ዓይነት ቃል ሲመርቁ እንዲያምርልኝ ነው። አስካለ እንዴት አሠልጥናቸዋለች እንድባል ነው። ሌላ ምክንያት ፈልጌ አጥቻለሁ።

ከዚያ ወዲያ ጫልቱ ትልቅ ሰው ባለበት አፏን ከፍታ አታውቅም። እኔ ግን ሰምቻታለሁ። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ከጥጆቹ ጋጣ ጀርባ ሳቅ ሰምቼ ቀስ ብዬ ጠጋ አልኩ። ጫልቱ ድንጋይ ላይ ቆማ ጉማሬዬን በኦሮምኛ ትተርካለች። በእኔ ተረት ጉማሬው አዝኖ ወደ አዋሽ ይመለሳል። በእሷ ግን የጣቢያውን ሹም፣ «እንግዲያው አንተ እኔ ላይ ውጣ፣ ድሬዳዋ አደርስሃለሁ» ይለዋል። ሹሙ ወጥቶ ይቀመጣል፤ ጉማሬው በአፍንጫው ሲነፋ ባቡሩ ደንግጦ መንገድ ይለቃል። ልጆቹ መሬት ላይ ተንከባለሉ። እኔ አጥሩን ይዤ ቆምኩ። ከእኔ ተረት ይበልጣል። ያን ጊዜም አውቄዋለሁ። ቀናሁባት እንዴ? በአራት ዓመት ልጅ ይቀናል? እንጃ። አልቀናሁም ብዬ ግን አልምልም።

በዚያው ሰሞን ታናሽ እህቴ ከባሏ ተጣልታ ከዱከም መጣች። ጥሩነሽ የምትባል የሦስት ዓመት ልጅ ይዛለች፤ አንገቷ የዶሮ አንገት የሚያህል። እህቴ መጋዘኑ ተቀጠረች። ልጅቷን ምን እናድርጋት? እመትን ለመንኩ። «አሥራ ሦስተኛ ትሁንልኝ፣ በሞቴ» አልኳቸው። «በምን ሐዋርያ ስም፣ አስካለ? በይሁዳ?» አሉኝና ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ልቤ ግን አልሳቀም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓይኔ አሥራ ሁለቱን ይቆጥር ጀመር።

ሚካኤል ደረሰ። ልጆቹ መረቁ። ጫልቱ እንደ ልማዷ አቀረቀረች።

«ይቺ ልጅ ዛሬም አልመረቀችኝም፤ ምነው አስካለ?» አሉ እመት።

ቆንጥጬ ዝም ያሰኘኋት እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። ሲሆን ሲሆን፣ ታፍራለች እንጂ ትናገራለች ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን፣ «አፏ አልተፈታም እመት። ዱዳ ሳትሆን አትቀርም» አልኩ።

«እቤቷስ?»

«እቤቷም ያው ናት። እናቷ ነግራኛለች።»

እናቷ ምንም አልነገረችኝም። ሁለተኛው ውሸት ከፊተኛው ይልቅ ቀሎኝ ወጣ።

እመት ደግ ሰው ናቸው፤ ዝም ብለው አላለፉም። ጎንበስ ብለው በኦሮምኛ ስሟን ጠየቋት። ጫልቱ እሳቸውን አላየችም። እኔን አየችኝ። አሁን ድረስ የምትመጣብኝ ያቺ አስተያየት ናት። አንድ ጊዜ ራሴን ብነቀንቅላት፣ ፈገግ ብልላት፣ ትናገር ነበር። ፊቴን ወደ ላሞቹ አዞርኩ።

«አይ ምስኪን» አሉ እመት ቀና ብለው። «እንግዲህ እኔ የተሳልኩት በምርቃት ነው። ለእናቷ አንድ ቁና እህል ስፈሪላትና በእሷ ቦታ ሌላ ልጅ ይግባ።» ከዚያም ዞር ብለው፣ «የእህትሽ ልጅ ዕድለኛ ናት» አሉኝ።

በማግስቱ ጥሩነሽ በጫልቱ ጣሳ ጠጣች።

ፋጡማ እህሉን አልተቀበለችኝም። በራፉ ላይ ልጇን በእጇ እንደያዘች፣ «አዴ አስካለ፣ ስለምን ዱዳ ይሏታል?» አለችኝ በቋንቋዋ። አዴ በኦሮምኛ እንደ እመት ያለ ማክበሪያ ነው። «ቤት ስንገባ ዝም በይ እያልኩ ነው የማስተኛት። የእርስዎን ጉማሬ ነው የምታወራው። ያን ሰውዬ ጀርባው ላይ ሲያወጣው እኔን ራሴን በሳቅ ትገድለኛለች።»

«እስቲ አሁን ትናገር» አልኩ፤ ወደ ልጅቷም ዞርኩ። «ተናገሪ በያ።»

ጫልቱ ከንፈሯን በመዳፏ ሸፈነች።

«አየሽ?» አልኳት እናቷን። እንዲህ አልኳት። አየሽ።

እዚህ ላይ ብጨርስ ደስ ባለኝ። አላለቀም።

ፋጡማ ልጇን ከምሰሶ ጋር እያሰረች መጋዘን ትሄድ ጀመር። ጎረቤቶቿም ከእመት ግቢ የወጣውን ወሬ ሰምተው ልጅቷን ዱዳዋ ይሏት ጀመር። ሁለት ወር ያህል ቆይቶ፣ አንድ የገበያ ቀን ጠዋት ፋጡማ ወደ እኔ መጣች። ፊቷ ከስቷል። ከግቢው ከወጣች ወዲህ ልጅቷ ቤትም መናገር አቁማለች። እኔን መክሰስ እንኳ አላሰበችም፤ እኔ ልጅ አዋቂ ነኝና ልትማከረኝ ነው የመጣችው። እንጥል የሚቆርጥ አንድ ሽማግሌ በገበያ ቀን ከሁሩታ ይመጣል፤ ከምላስ ሥር ያለውን ጅማት ሲቆርጥ ዱዳ ይናገራል ይሉታል።

«እርስዎ ብዙ ልጅ አይተዋል» አለችኝ። «እኔ አሁን የማውቀው ጠፍቶብኛል። ተሳስቼ ይሆን እንዴ፣ ዱሮም አትናገር ኖሯል እንዴ እላለሁ። ላስቆርጣት? አስቆርጪ ካሉኝ አስቆርጣለሁ፤ ተዪ ካሉኝም እተዋለሁ።»

እኔ በዚያ ሰዓት ጥሩነሽን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ወተት አጠጣ ነበር። አንገቷ ሞላ ሞላ ብሏል። ተዪ ብል ለምን ትለኛለች። ትናገራለች ብል እመት ይሰማሉ። እመት ከሰሙ ጥሩነሽም እኔም እንወጣለን። ይህን ሁሉ ያሰብኩት ጣሳው ከልጅቷ አፍ ሳይወርድ ነው። አንዲት ቃል ነበረች የምታስፈልገው። ጎትቱኝ የማትል፣ የማትከብድ ቃል።

«እናቷ አንቺ ነሽ፣ አንቺ ታውቂያለሽ» አልኳት።

መርቃኝ ሄደች። ቀኑን ሙሉ ተረት ሳወራ ዋልኩ። ሮጬ ገበያው ድረስ መድረስ እችል ነበር፤ ሩቅ አይደለም። አልሮጥኩም። ተቀምጬ አወራሁ።

የሆነውን የሰማሁት በሳምንቱ ከእህቴ ነው። ቁስሉ አመርቅዟል፤ ልጅቷ በትኩሳት ትቃጠላለች። እመት ነገሩን ሳያውቁ ቅቤና ማር ላኩላት። እኔ ልጠይቃት አልሄድኩም። ዳነች፤ ግን ምላሷ ታስሮ ቀረ። የምታወጣው ድምፅ እህቴ እንዳለችው እህል የጎረሰ ሰው ድምፅ ነው። ከዚያ ፋጡማ መጋዘኑን ትታ ላንጋኖ ዳር ወዳሉ ዘመዶቿ ልጇን አዝላ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ወሬያቸውን አልሰማሁም። ጠይቄም አላውቅም።

ዳሱ ጣሊያን እስኪገባ ቆየ። እዚያ ያደጉ ልጆች ዛሬ ሽማግሌ ሆነዋል፤ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ጉልበቴን ይስማሉ። የልጆች እናት ይሉኛል። እኔም እሺ ብዬ እሳማለሁ። ጥሩነሽ ስድስት ወልዳለች፤ ምን ጠጥታ እንዳደገች አታውቅም። ለእህቴ ልጅ ብዬ ነው እንዳልል፣ ለእህቴ ልጅ የራሴን ድርሻ ማካፈል እችል ነበር፤ ቀን ቀን እንጀራ የሚሰጡኝ በዚያው ግቢ ነበር። ድህነት ነው እንዳልል፣ ፋጡማ ከእኔ ትደኸይ ነበር። ወጣት ነበርኩ እንዳልል፣ ያን ቀን አእምሮዬ ከዛሬው የተሳለ ነበር።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም። እናንተን ምን አድርጌ? ንስሐ አባቴም ቢፈቱኝ በማን ፈንታ ይፈቱኛል? በሕይወት ካለች ስሟ ጫልቱ ነው፤ የእናቷ ስም ፋጡማ፤ ከአዳማ ወደ ላንጋኖ የሄዱ ናቸው። ከአገሯ ሰው ይህን የሚያነብ ካለ አንድ ነገር ያድርስልኝ። ዱዳ አልነበረችም። እናቷ አልተሳሳተችም። ላስቆርጣት ወይስ ልተው ስትለኝ፣ እኔ አውቅ ነበር።