የሦስተኛ ዓመቷ አትክልተኛ

በአንድ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ችግኝ ስታፈላ የኖረች አትክልተኛ ነበረች። ተማሪውም፣ አስተማሪውም፣ ዘበኛውም የሚጠራት «ማዘር» እያለ ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ቦት ጫማዋን ታጠልቅና የውሃ ጎማውን እየጎተተች ከመደብ መደብ ትዞራለች። የእያንዳንዱን ችግኝ አፈር በአውራ ጣቷ ጫን እያደረገች «አንተ ጠግበሃል፣ አንቺ ደግሞ ተርበሻል» ትላለች፤ ሰው ይስማት አይስማት ግድ የላትም። ከሰዓት በኋላ ግን ቦት ጫማው ከበሩ ኋላ ይቀራል። ማዘር እጇን በሳሙና ትፈትግና ቦርሳዋን አንግታ ወደ ክፍል ትገባለች። የዕፅዋት ሳይንስ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ናታ!

ግቢው ሠራተኞቹ በነጻ ዲግሪ እንዲማሩ ሲፈቅድ ከሁሉ ቀድማ የተመዘገበችው እሷ ነበረች። የመጀመሪያው ቀን ወደ ክፍል ስትገባ ተማሪው አስተማሪ የመጣች መስሎት ጸጥ ረጭ አለ። ሄዳ ከፊት ወንበር ላይ ቁጭ ስትል ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ እሷም አብራ ሳቀች። ከወር በኋላ የእሷን ደብተር ለመዋስ የማይለማመጥ ተማሪ አልነበረም።

ታዲያ አንድ ማክሰኞ ቀን ከችግኝ ጣቢያው አጠገብ ያለውን የአጥር ተክል ስታጠጣ ውሃው ፈንጥቆ የማስታወቂያ ሰሌዳውን አራሰው። «ወይ ጉዴ!» ብላ ወረቀቶቹን በቀሚሷ ጫፍ ልታደርቅ ጠጋ ስትል፣ አንደኛው ላይ ዓይኗ ቀረ። ለሦስተኛ ዓመት የዲግሪ ተማሪዎች፣ ለአንድ ሴሚስተር፣ ውጭ አገር፣ ሙሉ ወጪ የተሸፈነ የትምህርት ዕድል። ለተክልና ለዘር ጥናት አንድ ቦታ ብቻ። ከላይ እስከ ታች አነበበችው። ከዚያ ደግሞ ከታች ወደ ላይ ተመለሰች፤ የምትፈልገው የዕድሜ ገደቡን ነበር። የለም።

በማግስቱ ወደ ስኮላርሺፕ ቢሮ ሄደች። ጸሐፊዋ ወጣት ናት፣ ጨዋም ናት።

«እትዬ፣ የልጅዎን የተማሪ መታወቂያ ይዘዋል?»

«የራሴን ነው የያዝኩት» አለችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

ጸሐፊዋ መታወቂያውን አየች፣ ፎቶውን አየች፣ ማዘርን አየች። «ይቅርታ፣ ይሄ እንኳ... ለወጣቶች ይመስለኛል።»

«እኔም መስሎኝ ነበር። ግን ሁለት ጊዜ አንብቤ አጣሁት። እስቲ አንቺ ልጅ ነሽ፣ ዓይንሽ ይሻላል፤ ፈልጊልኝ።»

ጸሐፊዋ መመሪያውን ገጽ በገጽ አገላበጠች። አለቃዋ ዘንድ ገብታ ወጣች። ስትወጣ ጉንጯ ቀልቷል፣ በእጇ ግን ቅጹን ይዛለች። «እትዬ፣ እውነትዎን ነው። የለም» አለች፤ ከዚያ ድምጿን ቀነስ አድርጋ «እባክዎ ያሸንፉልኝ» ብላ ሳቀች።

የማዘር ባል ልብስ ሰፊ ነው። የቤታቸው የፊት ክፍል መስፊያ ቤቱ ሲሆን፣ ከኋላ ያለችው ክፍል ሳሎንም መኝታም ናት። ልጃቸው ክሊኒክ ውስጥ ነርስ ናት፤ እሷም ከሥራ ስትመለስ የምታርፈው እዚያው የጨርቅ ጥቅልል ላይ ነው። በዚያ ቀን ሦስቱም ቅጹን ከበው ተቀመጡ። ስም፣ ውጤት፣ የሥራ ልምድ፣ ሁሉም እንደ ውሃ ፈሰሰ። አንድ ጥያቄ ላይ ሲደርሱ ግን ቀጥ አሉ፤ «ከአሥር ዓመት በኋላ ራስዎን የት ያዩታል?»

«ጡረታ ላይ!» አለ ባልየው መርፌውን ከአፉ አውጥቶ። «በረንዳ ላይ ተቀምጬ ባሌን ስነዘንዝ ብለሽ ጻፊ።»

«አባዬ፣ ቁም ነገር ነው!» አለች ልጅቷ፤ ግን እሷም ሳቋ አመለጣት።

ማዘር ብዕሩን አስቀምጣ ተነሳችና ከአልጋው ሥር አንድ ወፍራም ደብተር አወጣች። ጠርዙ በአፈር የተበላ፣ ሽፋኑ በፕላስተር የተጠጋገነ ነው። በግቢው ውስጥ አንድ ያረጀ ትልቅ ዛፍ አለ፤ ከዓይነቱ በከተማው ውስጥ የቀረው እሱ ብቻ ነው። ዘሩ እንደ ጠጠር ነው፤ ቢዘሩት አይበቅልም። ማዘር ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያልሞከረችው ነገር የለም። በፈላ ውሃ ነክራዋለች፣ በሞረድ ፍቃዋለች፣ በበረዶ አቆይታዋለች። ያቃታትን ሁሉ ደግሞ ቀን እየጠቀሰች ጽፋለች። «ከመቶ ዜሮ። ከመቶ ዜሮ። ከመቶ አንድ፣ እሱም ሞተ።» ከሁለት ዓመት ወዲህ ግን አንድ ነገር ገርሟታል። ቅጠል ጠርጋ ባቃጠለችበት ጥግ ሁለት የዚያ ዛፍ ችግኞች ሳይዘሩ በቅለው አገኘች። እሳቱ ይሁን ጭሱ፣ አላወቀችም። ለማወቅ የሚያስችል መሣሪያም ግቢው ውስጥ የለም።

«ይሄንን ነዋ የምትጽፊው!» አለች ልጅቷ ደብተሩን እያገላበጠች። «እማ፣ ይሄ ሁሉ እዚህ አልጋ ሥር ምን ይሠራል?»

ማዘርም ጻፈች። ከአሥር ዓመት በኋላ ጡረታ ላይ እንደምትሆን ሳትደብቅ ጻፈች፤ ያንን ዛፍ ማብቀል የሚችሉ ቢያንስ አሥር ሌሎች ሰዎች አስተምሬ መውጣት እፈልጋለሁ ብላ ጨረሰች። ልጅቷ ሆሄውን አረመች፣ ባልየው ፖስታውን በክር ሰፋው። «ሙጫ ይለቃል» ነው ምክንያቱ።

ቃለ መጠይቁ የተቀጠረው አራት ሰዓት ላይ ነበር። ማዘር ልብሷን ቀይራ፣ ተዘጋጅታ ልትወጣ ስትል የዋናው መስመር ቧንቧ ፈነዳ። ትታው ብትሄድ የአንድ ሴሚስተር ችግኝ ጠራርጎ ሊወስድ ነው። ዘግታው፣ አስራው፣ ላብ በላብ ሆና ሦስተኛ ፎቅ ስትደርስ አንድ ደቂቃ ቀርቷታል፤ እግሯ ላይ ያለው ቦት ጫማው ነው። በሩን አንኳኩታ ገባች። አራት ሰዎች ረጅም ጠረጴዛ ከበው ተቀምጠዋል። ሰብሳቢው መነጽራቸውን ከፍ አድርገው «ማዘር፣ አበባዎቹ እዚያ ጥግ ናቸው፤ ግን ትንሽ ቆይተሽ ብታጠጪያቸው፣ አሁን ተፈታኝ እየጠበቅን ነው» አሉ።

ማዘር ወደ ጥጉ ዞር ብላ አየች። ልማድ ሆኖባት እንጂ ልታይስ አልፈለገችም ነበር። «እነዚህማ ውሃ አልጠማቸውም፤ ሰጥመዋል። ሳምንት ሙሉ ማንም እንዳይነካቸው» አለች። ከዚያ ወንበሩን ስባ ተቀመጠች። «ተፈታኟ ደግሞ እኔ ነኝ።»

መጀመሪያ የሳቁት ሰብሳቢው ራሳቸው ናቸው፤ ሳቅ ብቻ አይደለም፣ ተነስተው ይቅርታ ጠየቋት። ከቦርሳዋ ያወጣችው ደብተር ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። አንደኛዋ ፈታኝ ገጾቹን ስትገልጥ አፈር ጠረጴዛው ላይ ረገፈ፤ ማንም አልጠረገውም።

«ከሃያ ዓመት ልጆች ጋር አንድ መኝታ ክፍል መጋራት አይከብድሽም?» አሉ ሌላው።

«እኔ ከሰባት እህቶቼ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ነው ያደግሁት። እነሱን ይክበዳቸው እንጂ፤ አንኮራፋለሁ።»

ከወጣች በኋላ ደረጃውን እየሳቀች ወረደች።

ውጤቱ ከሦስት ሳምንት በኋላ ተለጠፈ። አንደኛ የወጣው የክፍሏ ልጅ ነው፤ ጎበዝ ልጅ፣ ደብተሯን ደጋግሞ የሚዋሳት። የማዘር ስም ከእሱ ሥር «ተጠባባቂ» ተብሎ ተጽፏል። ልጁ አቀርቅሮ መጣ። «ማዘር፣ እኔ...»

«ምን ሆነህ ነው እንደ ሌባ የምታቀረቅረው? ና እንኳን ደስ አለህ ልበልህ!» ብላ አቀፈችው። ከልቧ ነው። ሆኖም ወደ ችግኝ ጣቢያው ስትመለስ የጠዋቱን ሥራ እንደገና ጀመረችው፤ ያጠጣችውን መደብ ደግማ ልታጠጣ ስትል ነው የነቃችው። እቤት ስትደርስ ባልየው ፊቷን ሲያይ የስፌት መኪናውን አቁሞ ሻይ አፈላላት። «ተጠባባቂ ማለት እኮ በሩ አልተቆለፈም ማለት ነው» አለ በመጨረሻ። «ገርበብ ነው ያለው።»

አሥራ አንድ ቀን አለፈ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ማዘር መደብ ላይ ጎንበስ ብላ ችግኝ ስታዛውር «እትዬ! እትዬ!» የሚል ጩኸት ሰማች። ቀና ስትል ያቺ የስኮላርሺፕ ቢሮ ጸሐፊ በተረከዛም ጫማ ጭቃውን እየሰነጠቀች ትሮጣለች። መሀል ላይ አንደኛው ጫማ ጭቃ ውስጥ ተሰንቅሮ ቀረ፤ እሷ ግን ትታው በባዶ እግሯ መጣች።

«ልጁ ሌላ ቦታ አገኘ! የሁለት ዓመት! ዛሬ ጠዋት ጽፎ ለቀቀ! የርስዎ ተራ ነው!»

ማዘር በእጇ ያለችውን ችግኝ አላስቀመጠችም። በአንድ እጇ ችግኙን፣ በሌላው ጸሐፊዋን አቅፋ እዚያው ጭቃው ላይ ተሽከረከረች። ዘበኛው ምን ጉድ መጣ ብሎ ዱላውን ይዞ እየሮጠ ደረሰ፤ ነገሩን ሲሰማ ዱላውን ወርውሮ ማጨብጨብ ጀመረ።

የምትሄድበት አገር ብርድ ነው ተባለ። ባልየው እንዲህ ያለ ብርድ በሕይወቱ አይቶ አያውቅም፤ ስለዚህ በግምት ካፖርት ሰፋ። ውስጡን በጥጥ ሞላው፣ ከጥጡ በላይ ብርድ ልብስ ደረበበት፣ አሁንም ልቡ አላመነም፣ አንድ ሽፋን ጨመረ። ማዘር ስትለብሰው እጇ ወደ ታች አልወርድ አለ፤ ግራና ቀኝ ተዘርግታ ቀረች።

«አባዬ፣ እማ እኮ ልትበር ነው» አለች ልጅቷ መሬት ላይ ተንከባላ እየሳቀች።

«ልክ ነዋ፣ በአውሮፕላን ነው የምትሄደው» አለ እሱ ኮስተር ብሎ። ከዚያ መቀሱን አነሳና አንዱን ሽፋን ቀነሰ።

ውጭ አገር ደርሳ የተመደበችበት መኝታ ክፍል ውስጥ የሃያ ዓመት ልጅ ጠበቀቻት። ልጅቷ አንዲት እናት ሻንጣ ይዛ ስትገባ ስታይ ልጇን ልታደርስ የመጣች መስሏት በሩ ላይ ሌላ ሰው ፈለገች። ማዘር በተሰባበረ ቋንቋ «ሌላ የለም፤ እኔው ነኝ» አለቻት። የመጀመሪያው ሳምንት በምልክት አለፈ። በሁለተኛው ሳምንት ልጅቷ ፈተና ፈርታ ስታለቅስ ማዘር አጠገቧ ተቀምጣ፣ አብረው እስኪገባቸው ድረስ አነበቡ። ከዚያ በኋላ ስለ ማንኮራፋቱ ያነሳ የለም።

ቤተ ሙከራው ውስጥ የሙቀቱን ልክ በአኃዝ የሚናገር ምድጃ ነበር። ጭስን ውሃ ውስጥ የሚያስገባ መሣሪያም ነበር። ማዘር ይዛ የሄደችውን ዘር መቶ መቶ አድርጋ ከፋፈለች፤ አንዱን በሙቀት ብቻ፣ አንዱን በጭስ ውሃ ብቻ፣ አንዱን በሁለቱም። በየጠዋቱ ከሁሉ ቀድማ ትገባለች። አምስተኛው ሳምንት ላይ የሦስተኛውን ምድብ ክዳን ስታነሳ ነጫጭ ጫፎች አፈሩን ሰንጥቀው ብቅ ብለዋል። ቆጠረች። ደግማ ቆጠረች። አስተማሪው መጥቶ ሲቆጥርም ያው ነው፤ ስልሳ አራት። ማዘር ስልኳን አውጥታ ደወለች።

«ከመቶ ስልሳ አራት!» አለች።

«ፈተና ነው?» አለ ባልየው። «አይዞሽ፣ ማለፊያ ነው።»

«በቀለ እኮ ነው የምልህ! ዘሩ በቀለ!»

በስልኩ ውስጥ የስፌት መኪናው ድምፅ ቀጥ አለ። ቀጥሎ የተሰማው እልልታ የልጇ ይሁን የባልየው እስከ ዛሬ አልተለየም፤ ሁለቱም እኔ ነኝ ይላሉ።

ማዘር ከተመለሰች አሁን ዓመት ሊሆናት ነው። ዲግሪዋን ጨርሳለች። የችግኝ ጣቢያው ኃላፊ ተደርጋ ተሹማለች፣ የዚያ ዛፍ ልጆችም ከሦስት መቶ በላይ ሆነው በመደብ ላይ ተሰልፈዋል። ግን ከውጭ ያመጣችው ዘር ማብቀሉን ብቻ አይደለም። እዚያ ሳሉ መኝታ ክፍል የተጋራቻት ልጅ ሳይክል መንዳት አስተምራታለች፤ በሃምሳ ሁለት ዓመቷ፣ በባዶ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ፣ ስትወድቅ ስትነሳ። ባለፈው ሰኞ ጠዋት አንድ ያገለገለ ቀይ ሳይክል ላይ ወጥታ በዩኒቨርሲቲው ዋና በር ገባች። ዘበኛው ሳይክል ላይ አልለያትምና መታወቂያ ሊጠይቅ እጁን ዘርግቶ ነበር። «ፍሬኑን ገና አልለመድኩትም፣ ዞር በል!» ስትለው ዘሎ ወደ ጎን ሆነ፤ እሷም ደወሏን እያንቃጨለች በተማሪዎቹ መሀል አልፋ ሄደች።