ጠመኔ ያረፈበት በር

ግንቦት 1976 ነው። የሕዝብ ቆጠራው አገሩን ሁሉ ሲያነጋግር፣ ከላፍቶ በታች ባለው የአረጋውያን መጦሪያ ጋሽ ሮበሌ በማለዳ ኮታቸውን ለብሰው ደጃፍ ላይ ተቀምጠዋል። ልጃቸው ፅጌረዳ «የቆጠራው ዕለት መጥቼ እወስድሃለሁ፤ ከኛው ጋር በቤትህ ትቆጠራለህ» ብላቸዋለች።

ቆጣሪዋ ወጣት አስተማሪ ነበረች። ተራቸው ሲደርስ «እኔን እለፊኝ፣ እንግዳ ነኝ» አሏት።

«ወጥ የሚያማርጥ እንግዳ» አሉ የአልጋ ጎረቤታቸው ጋሽ ቀጄላ።

ፀሐይዋ አናት ላይ ወጣች። ፅጌረዳ አልመጣችም። ጋሽ ሮበሌ ከዘራቸውን ይዘው ወደ ብስራተ ገብርኤል፣ ወደ ቤታቸው አዘገሙ። አናጢ ነበሩ፤ ያን ቤት በእጃቸው ነው ያቆሙት። በሩን ሲያዩት እንደ አዲስ ገረማቸው፤ ስንት ክረምት ወርዶበት የጥዱ ሳንቃ ዛሬም ቀጥ ብሏል። መሐሉ ላይ ግን የቆጠራው ቁጥር በነጭ ጠመኔ ተጽፎበታል። ቆጣሪ አልፏል።

ጎረቤታቸው ሐሚዳ ከአጥር ማዶ ብቅ አለች።

«ጋሽ ሮበሌ! ከአገር ቤት መቼ ገቡ? ፅጌረዳ አምቦ ወንድሙ ዘንድ ተስማምቶታል ስትለን፣ እርስዎ ግን ከስተዋል።»

አምቦን ካዩ ዘመን የላቸውም። ወንድማቸውም ከሞተ ቆይቷል።

«ዛሬ ገባሁ» አሉ።

ፅጌረዳ ወጥታ ክንዳቸውን ይዛ አስገባቻቸው። በሩን ዘግታ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«አባዬ፣ አባቴን መጦሪያ አስገባሁ ብዬ ለሰው እንዴት ልናገር?»

«ለቆጣሪውስ ምን አልሽው?»

ወደ ምሳው ትሪ ዞረች።

«ፅጌ።»

«ሐሚዳ አጠገቤ ቆማ ነበር። አባቴ አገር ቤት ነው አልኩ።»

ጋሽ ሮበሌ አልተቀመጡም። ምሳ ብላ አለቻቸው፤ ጠግቤያለሁ አሉ። ሲወጡ በመዳፋቸው በሩን ነኩት፤ ጠመኔው እጃቸው ላይ ቀረ።

መጦሪያው ሲደርሱ ቆጣሪዋ ወረቀቷን እየሰበሰበች ነበር።

«ቁጠሪኝ» አሏት።

«እንግዳ ነኝ ብለው አልነበር አባባ?»

ጋሽ ቀጄላ ሊቀልዱ አፋቸውን ከፈቱና የጋሽ ሮበሌን ፊት አይተው ተዉት። ፈቀቅ ብለው አግዳሚው ላይ ቦታ ለቀቁላቸው።

ቆጣሪዋ ስማቸውን ጻፈች፣ ዕድሜያቸውን ጻፈች። «እዚህ ከመምጣትዎ በፊት የት ነበር የሚኖሩት?»

ጋሽ ሮበሌ የነጣ መዳፋቸውን ኮታቸው ላይ ጠረጉ።

«አገር ቤት» አሉ።