ወንዙ ሌሊት የት ደርሶ ተመለሰ?

ባለፈው እሑድ የእህቴ ልጅ ቦታ ልግዛ ብላ ሱሉልታ ይዛኝ ሄደች። «አክስቴ፣ አንቺ እዚያ አይደል ያደግሽው፤ እይልኝ» ብላ ነው። ደላላው ቀልጣፋ ልጅ ነው፤ ጫማውን ጭቃ እንዳይነካው ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለለ ወንዙ ዳር ወዳለው ሜዳ ወሰደን። «ውሃ ይገባዋል?» አልኩት።

«ኧረ እማማ! አሥር ዓመት እዚህ ስሠራ አንድ ቀን ውሃ አላየሁበትም።»

«የት ነው የምታድረው?»

«ቡራዩ።»

ሳቄ አመለጠኝ። የእህቴ ልጅ አፈረችብኝ። ምን ላድርግ፤ እኔም በሃያ ዓመቴ ልክ እንደሱ ነበር አፌን ሞልቼ የምናገረው፤ ያውም በደብተር አስደግፌ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት ስላልመጣልኝ ቤት ተቀምጬ ነበር። አባቴ በጎጃም መንገድ ዳር ትንሽ ሱቅ ነበረችው፤ ከሱቋ ኋላ ቁልቁል ሲወረድ ድልድዩ አለ። ከአዲስ አበባ የመጡ ሰዎች የድልድዩ ግንብ ላይ ቁጥር የተጻፈበት ረጅም ቆርቆሮ ቸነከሩና፣ የወንዙን ከፍታ የሚመዘግብ ሰው ሲፈልጉ ቅርብ የተገኘሁት እኔ ሆንኩ። ሥራው ይኸው ነው፤ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓትና ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ወርዶ ውሃው የነካውን ቁጥር አይቶ መጻፍ። መንደሩ ቆርቆሮውን «የወንዙ ሜትር» ይለው ነበር፤ እኔን ደግሞ «ባለሜትሯ»። አባቴ ስሙን በጣም ወደደው።

የሱሉልታን ክረምት ያላየ ሰው ብርድ አውቃለሁ ባይል ይሻላል። ደመናው ከእንጦጦ ወርዶ ሜዳው ላይ ይተኛል፤ ጭቃው ቦቲ ጫማን ከእግር ይነጥቃል፤ ከብቱ እስከ ጉልበቱ ሣር ውስጥ ቆሞ ጀርባው ይጨሳል። ጠዋት ጠዋት የገብስ ቆሎ ኪሴ አድርጌ እየቆረጠምኩ እወርዳለሁ፤ ጠዋቱ አይከፋም። ማታ ሲዘንብ ግን ያስጠላኝ ነበር፣ አልዋሽም። እናም በሱቁ መስኮት አሻግሬ አይና፣ «ትናንት አንድ ሜትር ከሃያ ነበር፤ ዛሬ አንድ ከሠላሳ ቢሆን ነው» ብዬ እሞላዋለሁ። ማን ያውቃል? ወንዙ አይናገር!

በሁለተኛው ዓመት፣ ሰኔ ላይ፣ የወተት አቅራቢዎች ማኅበር የጋራ በረት ሊሠራ ተነሣ። የሠላሳ ቤት ጥጆች ሌሊት ታስረው የሚያድሩበት ነው። የታሰበውም ወንዙ ዳር ያለው ሜዳ ላይ ነበር፤ ደልዳላ ነው፣ ለመንገድም ቅርብ ነው። አንድ ባለሙያ መጥቶ ለካና የበረቱ ወለል ከሜትሩ ሁለት ተኩል ጋር እኩል እንደሚሆን ነገረን። ከዚያ ደብተሬን ገለጠ። አምና ነሐሴ፣ ያ ሁሉ ዝናብ ወርዶ፣ ከፍተኛው ቁጥር አንድ ሜትር ከስልሳ ነው። «በቂ ነው» አለና አስፈረመኝ። በሕዝብ ፊት ስፈርም የልብ ልብ ተሰማኝ። ወዲያው ችካል ተቸከለ፣ ሲባጎ ተወጠረ።

ይህን የሰሙ አዴ ጫልቱ አንድ ጠዋት ድልድዩ ላይ አስቆሙኝ። አዴ ጫልቱ አምስት ላም ያላቸው፣ ከወተት ሌላ መተዳደሪያ የሌላቸው ሴት ናቸው፤ የወተት ጀሪካናቸውን በጀርባቸው አዝለው ሁልጊዜ በዚያ ያልፋሉ።

«አንቺ ልጅ፣ ማታ ደብተርሽን ስትዘጊ ወንዙም ይተኛል?»

«ጠዋት ተመልሼ አየው የለ እንዴ፣ አዴ ጫልቱ!»

«ጠዋትማ ሁሉም ፊቱን ታጥቦ ነው የሚገኘው።»

ተናደድኩ። ማታውን ግን ከምድጃቸው አመድ ይዘው መጡ። በውሃ አወፍረው ለወሱና፣ ዝናብ የማያገኘው የድልድዩ ሆድ ሥር፣ ከሜትሩ ጎን ግንቡን ከውሃው ጀምረው እጃቸው እስከደረሰበት ቀቡት። እናታቸው ከብቱን ወደ ማዶው ሣር ከማሻገራቸው በፊት አለት ሥር እንዲህ ያደርጉ ነበር አሉ። ወንዙ ሌሊት የት ደርሶ እንደተመለሰ አመዱ ይናገራል።

በማግስቱ ጠዋት ውሃው አንድ ከሠላሳ ላይ ነበር፤ ጭምት ብሎ ይሄዳል። አመዱ ግን እስከ ሁለት ሜትር ድረስ ታጥቦ ሄዷል! ወይ ጉድ! ግንቡን በእጄ ዳሰስኩት፣ ገና እርጥብ ነው። እኔ ተኝቼ ሳለሁ ይሄ ሁሉ ውሃ እዚህ አልፎ ሄደ ማለት ነው? ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ የሚባል ነገር ጠላሁ። ማታ እቀባለሁ፣ ሳይነጋ እሮጣለሁ። እንጦጦ አናቱ ማታ ከጠቆረ አመዱ ብዙ ይታጠባል፤ እዚሁ እኛ ላይ ብቻ ከዘነበ ጥቂት። በረዶ የጣለ ለት ውሃው ዘግይቶ ይመጣል መሰለኝ፣ ንጋት ላይም ቡናማ ነው። በሁለት ዓመት ያላወቅሁትን በአንድ ሳምንት አወቅሁ፤ ትምህርት ቤት እንዲህ ቢጥመኝ ኖሮ ውጤቴም በመጣልኝ ነበር።

ሐምሌ እንደገባ አንድ ጠዋት አመዱ እስከ ሁለት ከሠላሳ አምስት ታጥቦ አገኘነው። የበረቱ ወለል ሊደርስ አንድ ስንዝር እንኳ የማይሞላ ቀርቶታል። ነሐሴ ገና ነው። አዴ ጫልቱ ያን ለት አልቀለዱም። «የታሰረ ጥጃ ወዴት ይሸሻል?» ብቻ አሉ።

ስብሰባ ተጠራ፤ ባለሙያውም መጣ። አዴ ጫልቱ ተነሥተው ስለ አመዱ ተናገሩ። ባለሙያው ክፉ ልጅ አልነበረም፣ በትሕትና ነው የመለሰላቸው። «እናቴ፣ አመድ ማስረጃ አይሆንም። አምና የወረደውን ዝናብ ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ፤ ያኔ እንኳ ከአንድ ከስልሳ አላለፈም። ይኸው የልጅቷ የእጅ ጽሑፍ።» ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። አዴ ጫልቱም ዞሩ። እሳቸው የመስኮቱን ነገር አያውቁም፤ እንድደግፋቸው ነው የሚያዩኝ። ዝም ብል ማንም አይጠይቀኝም፤ ደብተሬም ሥራዬም ይተርፉልኝ ነበር። ዝም ካልኩ ግን ጥጆቹ እዚያ መታሰራቸው ነው።

«ያ ቁጥር ግምቴ ነው» አልኩ።

«የቱ ቁጥር?»

«በዘነበ ቀን የተጻፈው ሁሉ። ስለሚበርደኝ አልወርድም ነበር።»

ባለሙያው ደብተሩን እያየ፣ «ታዲያ አምና ነሐሴ ትክክለኛው ስንት ነበር?» አለኝ።

«አላውቅም።»

የማኅበሩ ሰብሳቢ፣ «እንግዲያው ምንም ሳናውቅ ነው ጥጃ ልናስር የነበረው» አሉና በረቱ ዳገቱ ላይ እንዲሠራ ተወሰነ። እኔም በዚያው ሳምንት ከሥራ ተሰናበትኩ። አባቴ «ባለሜትሯ» ብሎ መጥራቱን ተወ። አዴ ጫልቱ ደግሞ ባሱ፤ ያመሰግኑኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ያን ሁሉ ጊዜ በግምት መጻፌን ይዘው ድልድዩ ላይ ፊታቸውን አዙረውብኝ ያልፉ ጀመር። ጀሪካን ተሸክመው ወደ አዲሱ በረት ጭቃውን ዳገት የሚወጡት ሴቶችማ ስሜን እያነሡ ነበር የሚያዳልጣቸው።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ፣ ሥራ ባይኖረኝም እግሬ ለምዶ አንድ ጠዋት ወረድኩ። ወንዙ በቦታው ነው፤ ሰምቶም ዐይቶም የማያውቅ ይመስላል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚሉት እውነት ነው። ወደ ሜዳው ዘወር ስል ግን ሣሩ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ተኝቷል፣ ጭቃ ለብሷል። ችካሎቹ እዚያው ነበሩ። በመካከላቸው በተወጠረው ሲባጎ ላይ፣ ከጉልበቴ ከፍ ብሎ፣ ጭራሮና ገለባ ተንጠልጥሏል፤ አንድ ነጠላ ኮንጎ ጫማም ተሰክቷል። ውሃው መጥቶ፣ እዚህ ድረስ ቆሞ፣ ማንም ሳያየው ተመልሷል። ጥጆቹ እዚህ ታስረው ቢሆን ኖሮ ብዬ አሰብኩ።

አዴ ጫልቱ ከኋላዬ መጡ። ሲባጎውን አዩት። ከዚያ ጀሪካናቸውን አወረዱና በክዳኑ ትኩስ ወተት ቀድተው ሰጡኝ።

«አሁንም ተቀይሜሻለሁ» አሉኝ። «ጠጪ ግን።»

እያለቀስኩ ጠጣሁ።

እና እሑድ ዕለት የእህቴ ልጅ ክንዴን ይዛ፣ «ታዲያ ልግዛው አልግዛው፣ አክስቴ?» አለችኝ። ቦታው ያ ሜዳ ይሁን ከእሱ አለፍ ያለው እንጃ፤ ላይ ላዩ ሁሉ ቤት ሆኗል፣ ወንዙም መንገዱን ሳይቀይር አልቀረም። «አላውቅም» አልኳት። «ክረምቱ ይግባና መጥተን እንደር።» ደላላው ሰዓቱን አየ፤ እሷም «ይህን ለመስማት ነው ይዤሽ የመጣሁት?» ብላ አኮረፈች። አኩርፋ ትግባ። ስለዚያ ወንዝ ሁለት ዓመት ሙሉ ስጽፍ ኖሬያለሁ፤ ከሁሉም የማላፍርበት ግን ሳልጽፈው፣ በሰው ፊት በአፌ ያልኩት «አላውቅም» ነው።