ለዋና ትምህርት የለመንሁባት እናት

ልጅቱ የሰጠመችው እኔ ብቆም ትከሻዬን በማያልፍ ውኃ ውስጥ ነው። አምስተኛ ክፍል ነበረች። ከትምህርት ቤት ስትወጣ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ወደ ጣና ዳር ወረደች። ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ እግሯን ስትታጠብ አንዱ የፕላስቲክ ጫማዋ አመለጣትና ተንሳፈፈ። እሱን ልትይዝ ገባች። ጥቂት እንደተራመደች ጭቃው ከሥሯ ከዳት። ጓደኞቿ እጇን ስታወራጭ ሲያዩ የምትጫወት መስሏቸው ሳቁ። አንደኛዋ፣ «ቲቸር፣ እኛ እኮ ስቀን ነበር» እያለች ስንት ጊዜ እንደነገረችኝ አላውቅም። ዓሣ አጥማጆች ደርሰው ሲያወጧት ሕይወቷ አልፎ ነበር።

እኔ የትምህርት ቤቱ የስፖርት መምህርት ነበርሁ። የተወለድሁት ዘጌ ነው። አባቴ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ናቸው፤ ሴት ልጅ ውኃ ውስጥ ስትንቦጫረቅ ማየት አይወዱም ነበር። ቢሆንም ከወንድሞቼ ጋር እየተደበቅሁ ዋና ለምጃለሁ።

ከቀብሩ በኋላ ርዕሰ መምህሩ ተማሪዎቹን አሰልፎ፣ «ከዛሬ ጀምሮ ሐይቅ ዳር የተገኘ ወላጅ ያመጣል!» አለ። ቢሮው ድረስ ተከትዬው ገባሁ።

«ልጆቹ ሐይቁን አይተዉትም። በጀርባ መንሳፈፍና ወደ ዳር መመለስ ብናስተምራቸው አይሻልም?»

«በምን በጀት? የኳስ መግዣ እንኳ የለኝም። በጀቱን አንቺ አምጪ፤ ፊርማው ከእኔ።»

ደብዳቤ ይዤ ስንት ቢሮ ዞርሁ። አንዱ ወደ ሌላው ይመራኛል፤ ሌላው መልሶ ወደ መጀመሪያው። በመጨረሻ መዋኛ ገንዳ ያለው ሆቴል ባለቤት ዘንድ ገባሁ። በዕድሜ የገፉ፣ ለስላሳ አነጋገር ያላቸው ሰው ነበሩ። ስለ ልጅቱ ስነግራቸው ዓይናቸው እንባ አቀረረ። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና፣

«እናትየዋ ሰው ፊት መናገር ትችላለች?» አሉኝ።

«አላውቅም፣ ጋሼ።»

«ሰው በደብዳቤ አይነካም፣ መምህርት። እሷን አምጪልኝ፤ እንግዶቼ ፊት ትናገር። ገንዳውን እኔ እሰጣለሁ፤ የአሠልጣኙንና የላይፍ ጃኬቱን ወጪ እነሱ ይሸፍናሉ።»

የአርባዋ ተዝካር በወጣ በሳምንቱ ግሽ አባይ ሰፈር ወደሚገኘው የእናትየዋ ቤት ሄድሁ። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በፈረቃ የምትሠራ፣ ባል የሌላት ሴት ናት። በአንዲት የኪራይ ክፍል ውስጥ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ የሟቿን ዩኒፎርም ለታናሽየዋ ልክ ታሳጥራለች። ታናሽየዋ ሁለተኛ ክፍል ናት፤ ከጎኗ ቆማ መቀሱን ይዛላታለች። የመጣሁበትን ነገርኋት። ሰምታኝ ልጅቱን ወደ ደጅ ላከቻት።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት፣ መምህርት። በጀርባዋ መንሳፈፍ ብታውቅ ኖሮ ትተርፍ ነበር?»

ይህን ማን ያውቃል ማለት እችል ነበር። ግን መምጣቷን ፈልጌ ነበር።

«አዎ፣ ትተርፍ ነበር» አልኋት።

መርፌው እጇ ላይ ቆመ።

«ጫማውን በዚያው ሳምንት ነበር የገዛሁላት» አለች። «ጠዋት ስትወጣ፣ ‹ይህንንም ከጣልሽው ቤቴ እንዳትመጪ› አልኋት። ለዚያ ነው የገባችው። ይህን ለማንም አልተናገርሁም፤ እርስዎም እንዳይናገሩብኝ።»

«አልናገርም» አልሁ። ቅዳሜ እንደምትመጣ ቃል ገባችልኝ።

ቅዳሜ ረፋድ ገንዳው ዳር ነጭ ጨርቅ የለበሱ ወንበሮች ተደርድረዋል። እንግዶቹ ጭማቂ ይዘው ተቀምጠዋል። እሷ ጥቁር ለብሳ፣ የልጇን ጉርድ ፎቶግራፍ በሁለት እጇ ይዛ ቆመች። እያለቀሰች ተናገረች፤ ስትጨርስ ባለሆቴሉ ለቀረጻ ያመጡት ካሜራ ያዥ እጁን አነሳ።

«ድምፁ አልገባም። ይድገሙልን።»

ደገመችው። አሁን ደግሞ ፀሐዩ ፊቷ ላይ ወድቆ ነበርና ወደ ገንዳው ጠጋ በይ ተባለች። ውኃው አፋፍ ላይ አቆሟት። በሦስተኛው እንባዋ ደርቆ ነበር፤ ቃሉን እንደ ትምህርት ጥያቄ መልስ ቀጥ አድርጋ አወረደችው። ባለሆቴሉ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አሉ።

«ቅድም እንዳለቀሰችው ቢሆን ጥሩ ነበር። እንዲህ ከሆነ ማንም እጁን ኪሱ አይከትም። አንቺ አናግሪያት።»

ሄድሁ። ትከሻዋን አቅፌ፣ «የጫማውን ንገሪያቸው» አልኋት።

ቀና ብላ አየችኝ። እንዲያ ያየኝ ሰው ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም የለም። ከዚያ ወደ ካሜራው ዞረችና ተናገረችው፤ ጠዋት ለልጇ ያለቻትን ቃል በቃል። እንግዶቹ አለቀሱ። አንዲት ሴትዮ ተነሥታ ሻርፗን አለበሰቻት። ቃል የተገባው ገንዘብ እዚያው በማይክ ተነገረ፤ ጭብጨባ ሆነ። እኔም አጨበጨብሁ።

ሥልጠናው የተመደበው ለአምስተኛና ለስድስተኛ ክፍል ተማሪዎች ነው። የመጀመሪያው ቀን ልጆቹ ላይፍ ጃኬታቸውን ለብሰው ሲንጫጩ እናትየዋ ታናሽየዋን እጇን ይዛ በር ላይ ደረሰች።

«ይህችንም ይጨምሩልኝ።»

ባለሆቴሉን ጠየቅሁ። «ለአንዷ በር ከከፈትሁ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ይግተለተላል» አሉ። ተመልሼ ነገርኋት።

«ታዲያ እኔ ያለቀስሁት ለማን ልጅ ነው?» አለች።

ወደ ገንዳው አየች፤ ከዚያ ወደ እኔ።

«አንቺ ራስሽ ዋና ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

«እዚህ ትምህርት ቤት ስንት ዓመትሽ ነው?»

«ዘጠኝ።»

«ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ምን ስትጠብቂ ነበር?»

«እርስዎ» ማለቷን የተወችው ያን ጊዜ ነው። ልጇን እየጎተተች ሄደች።

በማግስቱ፣ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ በሯን አንኳኳሁ። ለመንሳፈፊያ የሚሆን ባዶ ቢጫ ጀሪካንና ገመድ ይዤ ነበር። ጀሪካኑን አይታ ነጠላዋን ለበሰች። እምቦጭ ያልወረረው፣ ታቹ አሸዋ የሆነ ቦታ አውቃለሁና ወደዚያ ወሰድኋቸው። ጀሪካኑን በገመዱ ወገቤ ላይ አስሬ ልጅቱን አቅፌ ገባሁ። ያን ቀን ከሰው ጋር ሮጣ ደርሳ የእህቷን ሬሳ ሲያወጡ አይታለች። ውኃው እግሯን ሲነካት እንደሚታረድ ጠቦት ጮኸች፤ አንገቴን አንቃ ያዘችኝ። ላባብላት ሞከርሁ። እናትየዋ ከነልብሷ ወገቧ ድረስ ገባች። የልጅቱን ጣቶች ከአንገቴ ላይ አንድ በአንድ ፈለቀቀች።

«ልቀቂ! ልቀቂ አልሁሽ!»

ልጅቱ እጇን ነከሰቻት። እናትየዋ አልተወቻትም። በጀርባዋ አስተኛኋት፤ ተወራጭታ ሰጠመች፣ ውኃ ጠጣች፣ አወጣኋት። ያስመለሳት ደረቴ ላይ ነው።

«ለዛሬ ይብቃት» አልሁ።

«አይበቃትም። ድገሚው።»

ደገምነው። ያን ቀን ስንት ጊዜ እንደደገምነው አላስታውስም። ቆመው ያዩን አንድ ሽማግሌ፣ «ምን በደለቻችሁ ይህች ሕፃን?» ብለው ተቆጡን። ለወራት በየእሑዱ ሄድን፤ በየእሑዱ አለቀሰች። አንድ ቀን ግን እጄን ከጀርባዋ ሳነሣ ተንሳፍፋ ቀረች፤ ጆሮዋ ውኃ ውስጥ፣ ዓይኗ ሰማይ ላይ። ጀሪካኑንም አልፈለገችም። እናትየዋ ዳር ላይ እንደቆመች ቆጠረች፤ ሲበቃት፣ «አውጪያት» አለች። በሚቀጥለው እሑድ ሳንኳኳ አልከፈቱልኝም።

የሆቴሉ ሥልጠና የቆየው አንድ ዓመት ነው። የዚያ ዓመት ልጆች መንሳፈፍ ችለዋል፤ ከነሱ በኋላ ለመጡት የሰጠ የለም። ፊልሙ ግን እስካሁን እንግዳ መቀበያው ላይ ባለው ቴሌቪዥን ይታያል። እንዲያነሡት ባለሆቴሉን ለመንኋቸው። «ሰው የሚነካው እኮ እሱ ነው፣ መምህርት» አሉኝ።

አልፎ አልፎ እናትና ልጅን ገበያ ላይ አገኛቸዋለሁ። ልጅቱ አድጋለች፤ እጇን ዘርግታ ትጨብጠኛለች። እናትየዋ ፊቷን አዙራ የቲማቲም ዋጋ ትጠይቃለች።